«ጨርሰህ ሽጠው» የሚሉ የአውሮፕላን ሻጮችን ተጠንቀቁ

ይህን የምጽፈው አሜሪካ ለምትኖሩ፣ በተለይም የአውሮፕላን ጥገና ሙያ ላላችሁ ወገኖቼ ነው። ሰሞኑን አንድ ጥሪ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ነው፦ ተጀምሮ የቀረ አውሮፕላን ግዙ፣ ቅዳሜና እሁድ በጋራዣችሁ ጨርሱት፣ ከዚያ በእጥፍ ሽጡት። አትግቡበት።

መጀመሪያ ሕጉን እዩት። በቤት የተሠራ አውሮፕላን ከፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር የመብረሪያ ምስክር ወረቀት የሚያገኘው፣ አብዛኛው ሥራ ለትምህርት ወይም ለመዝናኛ ብለው በተነሡ ሰዎች የተሠራ እንደሆነ ነው። ይህንንም ሠሪው በፊርማው ያረጋግጣል። ለትርፍ ሠርታችሁ «ለመዝናኛ ነው» ብላችሁ ብትፈርሙ የሐሰት ቃል ሰጣችሁ ማለት ነው። ሻጩ በዚያን ጊዜ ገንዘቡን ይዞ ሄዷል።

የኪት (በቤት የሚገጣጠሙ የአውሮፕላን ክፍሎች ስብስብ) ዋጋ ብዙውን ጊዜ ሞተርን፣ ፕሮፔለርን፣ የበረራ መሣሪያንና ቀለምን አይጨምርም። ባለሁለት መቀመጫ የአሉሚኒየም አውሮፕላን ከ1,500 ሰዓት በላይ ሥራ መፍጀቱ የተለመደ ነው። ገዢ ግን ለሰዓታችሁ አይከፍልም፤ የሚያየው የሞተሩን ዕድሜ፣ የሪቬቱን (ክፍሎቹን አያይዞ የሚይዘውን የብረታ ብረት ምስማር) ጥራትና የሞዴሉን ስም ነው። የኪት አምራቹ የቫንስ ኤርክራፍት አርቪ ሞዴሎች ፈላጊ አያጡም። ማንም የማያውቀው የእንጨት ንድፍ ከሆነ ግን ሞተሩና መሣሪያው ለብቻቸው ከሚያወጡት በታች ሊሸጥ ይችላል።

ስመ ጥሩ የኦሪገን ኩባንያ ቫንስ ራሱ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 በፍርድ ቤት የኪሣራ ጥበቃ ጠይቆ ነበር። ቀብድ ከፍለው ኪታቸውን ይጠብቁ የነበሩ ደንበኞች ጭማሪ ያለበትን አዲስ ዋጋ እንዲቀበሉ ተጠየቁ። ኩባንያው በኋላ አገግሟል፤ በብድር ለትርፍ የገባ ሰው ግን እንዲህ ያለውን ጭማሪ ከየት አምጥቶ ይሸፍናል?

ሽያጩ ቢሳካ እንኳ ነገሩ አያልቅም። በአውሮፕላኑ ሰሌዳ ላይ በአምራችነት የሚሰፍረው የእናንተ ስም ነው። ሦስተኛው ባለቤት ቢከሰክሰው የሟች ቤተሰብ ጠበቃ ማንን እንደሚፈልግ ገምቱ። ለሠሪው የሚሰጠው የምርመራ ፈቃድ ደግሞ ለገዢው አይተላለፍም፤ በየ12 ወሩ ለሚደረገው ምርመራ አብዛኛውን ጊዜ ፈቃድ ላለው ባለሙያ መክፈል ይኖርበታል። ብልህ ገዢ ይህንን ከዋጋችሁ ላይ ይቀንሳል።

ታዲያ ሰዎች ለምን ይሠራሉ? ስለሚወዱት ነው። የተጣመመ ሪቬት በመሰርሰሪያ አውጥተው እንደገና ሲመቱ አምሽተው ደስ ብሏቸው የሚተኙ ሰዎች አሉ፤ በየዓመቱ በሐምሌ ወር ኦሽኮሽ፣ ዊስኮንሲን ወደሚደረገው የአውሮፕላን ትርኢት ሄዳችሁ ልታገኟቸው ትችላላችሁ። እንዲህ ዓይነት ሰው ከሆናችሁ ገንዘባችሁን በደስታ አውጡ፤ ትርፉን በየምሽቱ እያነሣችሁት ነውና የሽያጩ ዋጋ ብዙም አያሳስባችሁም።

ጅምር መግዛታችሁ ካልቀረ፣ የቀድሞው ሠሪ የያዘውን የሥራ መዝገብና ፎቶግራፎች አስቀድማችሁ ጠይቁ። አብዛኛውን ሥራ ማን እንደሠራው ለመርማሪው የምታሳዩት በእነርሱ ነው። ሻጩ «ጠፍተውብኛል» ካለ ቀብድም አትስጡት።