ኤሌክትሮዱን ቁጠሩ፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ የሚሰጡ አጫጭር የሙያ ስልጠናዎች ሲመዘኑ

ስራ ለሌለው ጎልማሳ በመንግስት የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የሚሰጠው አጭር ስልጠና በማስታወቂያው ላይ ሁሉም አንድ ይመስላል። ከጥቂት ሳምንት እስከ ጥቂት ወር ይዘልቃል፣ በነጻ ወይም በትንሽ ክፍያ ነው፣ መጨረሻው ላይም ምስክር ወረቀት አለው። ከቃሊቲ እስከ ቱሉ ዲምቱ፣ ከአያት እስከ ለገጣፎ፣ ከአየር ጤና እስከ ሰበታ መንገድ ግን ሰልጣኙ ይዞት የሚወጣው ነገር የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል። ልዩነቱን የሚያመጣው የህንጻው ማማር ወይም የአሰልጣኙ ዲግሪ አይደለም። ሰልጣኙ ማሽኑን በገዛ እጁ የሚይዝበት ሰዓትና የሚያቃጥለው፣ የሚቆርጠው፣ የሚያበላሸው ዕቃ ብዛት ነው። እዚያው አንድ ግቢ ውስጥ ብየዳው ደህና ሆኖ ስፌቱ የማይረባ ሊሆን ስለሚችል፣ እዚህ የተመዘነው ኮሌጁ ሳይሆን ሙያው ነው።

ፍርዱን ቀድሞ ለሚፈልግ፦ ብየዳና የህንጻ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ ጊዜ ቢሰጣቸው ይገባቸዋል። ስፌት ማሽኑን አይቶ የሚወሰን ነው። የቤት አያያዝ ስልጠና በህጋዊ መንገድ ወደ አረብ አገር ለቤት ሰራተኝነት ለሚሄድ አማራጭ የሌለው ነው። ቤዚክ ኮምፒውተር ግን ብቻውን ስራ አያስቀጥርም፤ ሌላ ሙያ ላለው ሰው ተጨማሪ እንጂ መነሻ አይሆንም።

ብየዳ ብዙ ቦታ የሚሰጠው በኤሌክትሮድ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ እየቀለጠ ብረቱን በሚያያይዝ ቀጭን ዘንግ ነው፤ ለዳርቻው ሰፈር ደግሞ የሚያስፈልገው እሱ ነው። ግንባታ ባለበት ሁሉ መስኮቱ፣ የግቢ በሩ፣ የደረጃ መደገፊያው የሚሰራው በቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት በሆነ የብረት ቱቦ) እና በላሜራ ነው። ለመመዝገብ ስትሄዱ ወርክሾፑን አሳዩን በሉና ሁለት ነገር ቁጠሩ።

አንዱ የሚሰራ ማሽን ነው፤ ግድግዳ ስር ተሸፍኖ የተቀመጠው አይቆጠርም። ለ20 ሰልጣኝ 4 ማሽን ካለ፣ ከ3 ሰዓት ክፍለ ጊዜ ለአንድ ሰው የሚደርሰው 36 ደቂቃ ነው፤ ብረት መቁረጡና ማጽዳቱም ከዚያው ላይ ይቀነሳል። ሌላው ኤሌክትሮድ ነው። 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 35 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው አንድ ኤሌክትሮድ ከአንድ ደቂቃ እስከ አንድ ደቂቃ ተኩል ባለው ጊዜ ነድዶ ያልቃል። የ5 ኪሎ ፓኬት ወደ 150 የሚጠጋ ይይዛል። ለ20 ሰው ሲካፈል ለአንዱ 7 ይደርሰዋል፤ ይህ ቢበዛ አስር ደቂቃ ገደማ ብየዳ ነው። እጅ የሚጸናው በመቶዎች በሚቆጠር ኤሌክትሮድ ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ስልጠናው ስንት ወር ነው?» ሳይሆን «በቀን ለአንድ ሰው ስንት ኤሌክትሮድ ይሰጣል?» መሆን አለበት። መልሱ ከአስር በታች ከሆነ የራስን ፓኬት ገዝቶ መግባት ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቁ። የሚፈቅድ ቦታ ካገኛችሁ፣ ወጪው ራሱን ይከፍላል።

የአሰልጣኙ ጥራት በመጀመሪያው ሳምንት ይታወቃል። ደህናው አሰልጣኝ ብረት ከማገጣጠሙ በፊት ጠፍጣፋ ላሜራ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ያስደጋግማል፤ አምፔሩንም ከኤሌክትሮዱ ውፍረት ጋር አያይዞ ያስይዛል፦ ለ2.5 ሚሊ ሜትር ከ60 እስከ 90፣ ለ3.2 ሚሊ ሜትር ከ90 እስከ 130 አምፔር። በኤሌክትሮዱ ጫፍና በብረቱ መካከል ያለው ርቀት ከኤሌክትሮዱ ውፍረት ብዙ መብለጥ የለበትም። ሲርቅ ፍንጣሪው ይበዛል፣ መስመሩም ይዘረጠጣል፤ ሲቀርብ ወይም አምፔሩ ሲያንስ ኤሌክትሮዱ ይጣበቃል። ብየዳው እንደ ስፖንጅ ከተበሳሳ ኤሌክትሮዱ እርጥበት ይዟል ወይም ብረቱ ላይ ቀለም፣ ዝገት ወይም ዘይት አለ። በክረምት ፓኬቱን ከፍቶ ሲሚንቶ ወለል ላይ የሚያስቀምጥ ወርክሾፕ ይህን ችግር ራሱ ይጋብዛል።

ብዙ ስልጠና የሚጎድለው ቀጭን ቱቦላሬ ላይ የመስራት ልምምድ ነው። መለማመጃው ወፍራም ቁርጥራጭ ብረት ሆኖ ይቆይና፣ ሰልጣኙ ገበያ ሲወጣ ግድግዳው 1.2 ወይም 1.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦላሬ ይሰጠዋል፤ ያን ጊዜ ይበሳዋል። መፍትሄው 2.5 ኤሌክትሮድ፣ ዝቅ ያለ አምፔርና አጭር አጭር ብየዳ ነው። በሩ የሚጣመመውም ብረት ሲቀዘቅዝ ስለሚሰበሰብ ነው፦ አራቱንም ማዕዘን በነጥብ ካልያዙ፣ የሁለቱን ዲያጎናል ርዝመት በሜትሮ እኩል መሆኑን ካላረጋገጡ፣ ከዚያም ጎን እየቀያየሩ ካልበየዱ በስኳድራ የተስተካከለው በር ማታ ላይ ፍሬሙ ውስጥ አይገባም። ይህን በስልጠናው ቢያንስ አንድ ጊዜ ሙሉ መስኮት ሰርቶ ያላየ ሰው፣ ምስክር ወረቀት ቢይዝም በያጅ አልሆነም።

ስለ ደህንነት አንድ ነገር ሳይባል አይታለፍም። መንገድ ዳር በጸሐይ መነጽር የሚበይድ ሰው ማየት የተለመደ ነው። ለዚህ አምፔር የሚያስፈልገው የመስታወቱ ጥቁረት ቁጥር 10 ወይም 11 የሆነ ማስክ ነው፤ አይኑ የተቃጠለ ሰው ህመሙ የሚነሳበት ከሰዓታት በኋላ ሌሊት ላይ ስለሆነ ቀን ላይ ደህና ነኝ ይላል። ለ20 ሰው 3 ማስክ የሚያዞር ክፍል ውስጥ ቆሞ ማየት አይመከርም። ጋልቫናይዝድ (በዚንክ የተሸፈነ) ብረት ሲበየድ የሚወጣው የዚንክ ጭስ ብርድ ብርድ የሚያሰኝ ትኩሳት ያመጣል፤ «ወተት ጠጡበት» የሚለው የጋራዥ ምክር ጭሱን ከሳንባ አያወጣም። መስኮት መክፈትና ሽፋኑን በግራይንደር ማንሳት ነው የሚሻለው፤ ሲነሳም አቧራው ወደ ሳንባ እንዳይገባ አፍና አፍንጫን መሸፈን ነው።

የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ፍጆታው ያንሳል፤ ሽቦውና ሶኬቱ ተፈትቶ ደግሞ ይሰራበታል። ኮሌጆቹ ይህን ስልጠና በተሻለ ሁኔታ የሚያስኬዱት ለዚህ ነው። ልምምዱ የሚደረገው ግድግዳ ላይ በተተከለ የእንጨት ሰሌዳ ላይ ነው፦ አንድ አምፖል በአንድ ማብሪያ፣ ቀጥሎ የደረጃ መብራት፣ ማለትም አንዱን አምፖል ከሁለት ቦታ ማብራትና ማጥፋት፣ ከዚያ ሶኬት፣ በመጨረሻ ብሬከር የተገጠመለት ማከፋፈያ ሳጥን። ለመብራት 1.5፣ ለሶኬት 2.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ሽቦ፤ ብሬከሩ ለመብራት 10፣ ለሶኬት 16 አምፔር። ድክመቱ ሰሌዳው ራሱ ነው። ብሎኬት ግድግዳ በስካርፔሎ መቦርቦር፣ ሁለት ሶስት ቦታ በታጠፈ ቱቦ ውስጥ ሽቦ መጎተት፣ ስካቶላ (ሶኬትና ማብሪያ የሚገጠምበትን ሳጥን) አስተካክሎ መቅበር ሰሌዳ ላይ አይለመድም፤ ሳይት ላይ ግን በመጀመሪያው ቀን የሚታዘዘው ይኸው ነው። ግቢው ውስጥ የመለማመጃ ግድግዳ ያቆመ ኮሌጅ ካገኛችሁ ከሌላው አስቀድሙት።

አሰልጣኙን ለመፈተን አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ የእንጀራ ምጣድ መስመር እንዴት ይዘረጋል? 3,600 ዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት ከ16 አምፔር በላይ ይስባል። ተራው የሶኬት መስመር ጠርዝ ላይ ነው ማለት ነው፤ በዚያው መስመር ማንቆርቆሪያ ከተሰካ ብሬከሩ ይወርዳል። ትክክለኛው መልስ ለምጣዱ ብቻ የሚሆን መስመር በ4 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ሽቦና በ20 ወይም በ25 አምፔር ብሬከር፣ ከምድር መስመር ጋር ማውጣት ነው። «ብሬከሩን ወደ 32 ማሳደግ ነው» የሚል አሰልጣኝ ካጋጠማችሁ ሌላ ቦታ ፈልጉ። ብሬከር ሽቦውን እንዲጠብቅ የተቀመጠ ነው፤ ሽቦው ሳይወፍር እሱ ካደገ ከመውረዱ በፊት ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ይጋያል። በየኮንዶሚኒየሙ የሚታየው የቀለጠ ሶኬትም ብዙ ጊዜ መነሻው ያልጠበቀ ብሎን ነው። ብሎን የላላበት ቦታ ላይ ሽቦው በደንብ አይነካም፤ እዚያ ይሞቃል፣ ሙቀቱ ደግሞ ይብስ ያላላዋል። ካቻቢቴ ይዞ ማጥበቅን በጥሞና የሚያስተምር ሰው ከብዙ ንድፈ ሐሳብ ይሻላል።

የራስን ፒንሳ፣ ካቻቢቴና ቴስተር ይዞ መግባት ጥሩ ነው። የኮሌጁ መሳሪያ ለወረፋ ነው፤ የራስ ሲሆን ደግሞ ስልጠናው ሲያልቅ በማግስቱ ስራ ይጀመርበታል።

ስፌት ላይ የሚታየው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ማሽኑ የእግር ሲንጀር ነው ወይስ የኢንዱስትሪ ማሽን? ሰፈር ውስጥ ልብስ መጠገንና የትምህርት ቤት ዩኒፎርም መስፋት ለሚያስብ ሲንጀሩ በቂ ነው። ወደ ቦሌ ለሚ ወይም ወደ ሌላ የጋርመንት ፋብሪካ ለሚያይ ግን በደቂቃ 4,000 ጊዜና ከዚያ በላይ መርፌ የሚያወርደውን ማሽን በእግር ጫፍ መግራት ያልለመደ ሰው የመጀመሪያውን ፈተና አያልፍም። ለዚህ የሚሰራው ልምምድ ክር ሳይገባ ወረቀት ላይ በተሰመረ ቀጥታ፣ ጥምዝና ማዕዘን መስመር ላይ መስፋት ነው፤ ማዕዘኑ ላይ መርፌው ወርዶ መቆም አለበት። ኦቨርሎክ፣ ማለትም የጨርቅ ጠርዝ የሚዘመዝመው ማሽን፣ ከሌለ ስልጠናው ግማሽ ነው። ስለ ፋብሪካ ተስፋ የሚነገረውን በልኩ ስሙ፦ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያ አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች ከምትሰጠው የአጎዋ የቀረጥ ነጻ ዕድል መታገዷ ዘርፉን ጎድቶታል።

የቤት አያያዝ ስልጠናን በተመለከተ፣ የውጭ አገር ስራ ስምሪት ህጉ የሙያ ብቃት ማረጋገጫን ቅድመ ሁኔታ አድርጎታል፤ ስለዚህ ይበጃል ወይስ አይበጅም የሚለው ክርክር የለም። ልብስ ማጠቢያው፣ ካውያው፣ የኤሌክትሪክ ምድጃውና የወለል መጥረጊያ ማሽኑ በስዕል ነው ወይስ በእውን የሚታየው የሚለውን ብቻ አጣሩ።

ወደ ወረቀቱ እንምጣ። ሰው ሁሉ የሚያደናግረው ሁለት ወረቀት አለ። ኮሌጁ የሚሰጠው የስልጠና ምስክር ወረቀት መማራችሁን ይናገራል። ሲኦሲ የሚባለው ደግሞ ብቃታችሁን ያረጋግጣል፤ ምዘናው ብዙ ጊዜ በኮሌጅ ወርክሾፕ ቢካሄድም የሚመራው ሌላ አካል ነው። የጽሑፍና የተግባር ክፍል አለው፤ የመጨረሻው ውጤት «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ነው። አጭር ስልጠና የሚሸፍነው የአንድን ደረጃ የተወሰኑ የብቃት አሃዶች እንጂ ሙሉውን ደረጃ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ከመመዝገብ በፊት «ሲጨርስ ለየትኛው ደረጃ፣ ለየትኞቹ አሃዶች ያስመዝናል?» ብሎ ማስመለስ ያስፈልጋል። «ኋላ ይነገራችኋል» የሚል መልስ መልስ አይደለም።

በተግባር ምዘና ሰው የሚወድቀው ሁልጊዜ በስራው አይደለም። መዛኙ በእጁ ዝርዝር ይዟል፦ ጓንት አደረገ ወይ፣ ከመጀመሩ በፊት ኃይሉን አጥፍቶ በቴስተር አረጋገጠ ወይ፣ ስዕሉን አነበበ ወይ፣ ሲጨርስ ቦታውን አጸዳ ወይ። መብራቱ በርቶለት እነዚህን የዘለለ ሊወድቅ ይችላል። በስልጠናው ጊዜ በየቀኑ እንደ ምዘና ቀን መስራት የሚያዋጣው ለዚህ ነው። ሌላው መሰናክል ስም ነው፦ በመታወቂያው፣ በኮሌጁ መዝገብና በምዘና ቅጹ ላይ የአባትና የአያት ስም አጻጻፍ በአማርኛም በላቲን ፊደልም አንድ ካልሆነ ለማስተካከል የሚወስደው ምልልስ ከስልጠናው ሊረዝም ይችላል። በምዝገባ ቀን ማስተካከል ቀላል ነው።

የዳርቻው ነዋሪ የተለየ ጣጣ አለበት። ነጻው ስልጠና አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በወረዳ የስራ ፈላጊ ምዝገባ በኩል ነው፤ መታወቂያ ይጠየቃል። ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ገላንና ለገጣፎ አሁን በኦሮሚያ ክልል በሸገር ከተማ አስተዳደር ስር ናቸው። መንገድ ተሻግሮ አዲስ አበባ ያለ ኮሌጅ በእግር ቢቀርብም፣ የዚያኛው መታወቂያ ያለው ሰው በነጻ ላይስተናገድ ይችላል። ክፍያ ከፍሎ መግባት ወይም በራስ ከተማ ያለውን መጠየቅ ነው ያለው አማራጭ። ኦሮሚያ የራሱ የምዘና ተቋም አለው፤ የሙያ ደረጃው ግን አገር አቀፍ ነው።

ፈረቃ ስትመርጡ መመለሻውን አስቡ። ቀላል ባቡሩ በደቡብ ቃሊቲ፣ በምስራቅ አያት ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ታክሲና ባጃጅ ነው፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ደግሞ ሁለቱም ይሳሳሉ። የማታ ሰልጣኝ ታክሲ እንዳያመልጠው ቀድሞ ይወጣል፤ ቀድሞ የሚወጣው ደግሞ ማሽን በሚለቀቅበት የመጨረሻ ሰዓት ላይ ነው። የቅዳሜና እሁዱ ፈረቃ ለዚህ ይሻላል፤ ሌላውም ሰው ይህን ስለሚያውቅ ቶሎ ይሞላል፣ ምዝገባ በተከፈተ ሳምንት መሄድ ያስፈልጋል።