የፕላስቲክ ቄጠማችን ከዘጠኝ ወር በኋላ

የገዛሁት ጳጉሜን 3 ቀን 2016 ነው። መርካቶ በሜትር እየተቆረጠ ይሸጣል። 2 ሜትር በ1.5 አስቆረጥኩ። ረከቦቱን፣ ምድጃውንና ቡና የምታፈላውን ሰው በርጩማ በደንብ ይይዛል። በየበዓሉ ዋዜማ ለአንድ እስር ቄጠማ የሚጠራው ዋጋ አስመርሮኝ ነበር፤ እሱም በማግስቱ ጠውልጎ ይጠረጋል። አንዴ ልክፈልና ልገላገል አልኩ።

በጥንካሬው ቅሬታ የለኝም። ዘጠኝ ወር ተረግጦ፣ ታጥቦ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ዛሬም አረንጓዴ ነው። ሽታ ግን የለውም። የእንቁጣጣሽ ዕለት አያቴ ገባች። ጎንበስ ብላ ዳሰሰችው፤ እጇን አሸተተች። «ልጄ፣ ጉንፋን የያዘው እኔን ነው ወይስ ቄጠማውን?» አለችኝ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እውነቷን ነበር። ቡናው እየተቆላ፣ እጣኑ እየጨሰ፣ ከሥር የእርጥብ ቄጠማ ሽታ ካልመጣ ዓመት በዓሉ ጎዶሎ ነው።

ሌላው ጣጣ ፈንዲሻ ነው። እውነተኛው ቄጠማ ላይ የተበተነ ፈንዲሻ በማግስቱ አብሮ ተጠርጎ ይወጣል። የፕላስቲኩ ግን ውስጡ ይደብቀዋል። መጥረጊያ አያወጣውም። ሁለት ሰው ጫፍና ጫፍ ይዞ፣ ደጅ አውጥቶ፣ ገልብጦ ማራገፍ አለበት። እኛ ይህን ያወቅነው የገና ፈንዲሻ የካቲት ላይ ሲገኝ ነው። ያገኙት ደግሞ ጉንዳኖች ናቸው፤ ከበር እስከ ረከቦቱ ተሰልፈው ነበር። ልትገዙ ካሰባችሁ ጸጉሩ አጭር የሆነውን ምረጡ።

እሳት አይወድም። ለጥምቀት ቡና ሲፈላ አንዲት ፍም ወደቀች። ወዲያው ኩምትር ብሎ ሳንቲም የምታክል ቀዳዳ ወጣው፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታም እጣኑን አሸነፈው። ከዚያ ወዲህ ከምድጃው ሥር የብረት ትሪ እናደርጋለን። ይህን ነገር ቀላል አታድርጉት። ቡና በከሰል የምታፈሉ ከሆነ ትሪ ሳይኖር አታንጥፉት።

የገና ዋዜማ የሆነውን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ምንጣፉን አጥበን ግቢ ውስጥ አሰጣነው። የበዓሉ በግ አጠገቡ ታስሮ ነበር። ጠጋ አለ፤ ነከሰ፤ ትንሽ አኘከና ለቀቀው። ከዚያ ቀና ብሎ አየን። ጎረቤቶቻችን አሁንም ይህን እያነሱ ይስቃሉ። የነቀለው ቦታ እስካሁን ራሰ በራ ነው።

በጣም የገረመኝ ግን በዓሉ እንዲያበቃ አለማድረጉ ነው። እርጥብ ቄጠማ በማግስቱ ይጠወልጋል፤ ይጠረጋል፤ በዓሉም ማለፉ ይታወቃል። ይሄኛው ግን እዚያው ነው። ጥር 25 አንዲት ጎረቤታችን በር ላይ ቆማ «ውይ! ዛሬ ምን በዓል ነው?» አለች። ቡና ተፈልቶ፣ ቄጠማ ተነጥፎ ስታይ እውነቷን ነው የደነገጠችው። ገብታ ሦስተኛውን ጠጥታ ሄደች።

ሚያዝያ 11 ቀን ቀዳም ሥዑር ነበር። በዚያ ዕለት ካህናት ለምእመናን ለምለም ቄጠማ ያድላሉ። የጥፋት ውኃ መጉደሉን ለኖኅ ያበሠረችውን፣ ቅጠል ይዛ የተመለሰችውን ርግብ ያስታውሳል፤ ምእመናኑም ራሳቸው ላይ ያስሩታል። አያቴ ቄጠማዋን አስራ ከቤተ ክርስቲያን ተመለሰች። የአምስት ዓመቷ ልጄ አየቻት። ዝም ብላ መቀስ አመጣችና ከምንጣፉ ጫፍ መቁረጥ ጀመረች። «ለሁላችንም እንዲደርስ ነው» አለች። አያቴ ዕንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከዚያ ከራሷ ላይ ፈታ፣ ለሁለት ከፍላ፣ ለልጅቷ አሰረችላት። ልጅቷ ወዲያው አሸተተችው። «ይሄኛውስ ይሸታል!»

ስለዚህ ውሳኔዬ ይህ ነው። ለአዘቦት ቡና፣ ለልደት፣ ለልጆች መጫወቻ የፕላስቲኩን ግዙት፤ ገንዘባችሁ አይቆጫችሁም። ለዓመት በዓል ግን እርጥቡን አንጥፉ። የእኛው ከሰኔ ጀምሮ በረንዳ ላይ ነው፤ ልጆቹ ኳስ ይጫወቱበታል። ለመስከረም 1 ቄጠማውን የምትገዛው ራሷ እንደሆነች አያቴ ከወዲሁ ተናግራለች።