ደብረ ብርሃን ላይ ፈርን የሚያውቅ እጅ ተገኝቷል

ይህን ምስጋና በአደባባይ ማቅረብ ግዴታዬ ነው። ጥላ የበዛበት ጓሮ ኖሯችሁ፣ ፈርን (አበባ የሌለው፣ ጥላ የሚወድ የቅጠል ተክል) አልይዝ ብሏችሁ ተስፋ የቆረጣችሁ ካላችሁ፣ ይቺን የችግኝ ባለሙያ ሳታገኙ አትተዉት።

ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ የተገዛው ችግኝ ሁሉ ጠወለገ። የቆላ ፈርን ለውርጭ አገር ሸጦ፣ ሲደርቅ «እጅሽ ነው» ማለት በደል ነው። ገንዘቡን ሲቀበሉ «ውሃ አጠጪው» ከማለት በቀር አንዲት ቃል አልጨመሩም።

እሷ አዲስ ችግኝ ልሽጥ አላለችም። ተንበርክካ ከደረቀው ችግኝ ግርጌ ያለውን አፈር በጣቷ ቀስ እያለች ገለጠች። እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለ ቡናማ እምቡጥ ታየ። ጫን ስታደርገው ጠንካራ ነው። «አልሞተም፣ ተቀብሮ ነው» አለች። ለዚህ ሥራዋ ሳንቲም አልተቀበለችም። እጅሽ ይባረክ!

የፈርን ቅጠል የሚፈልቅበት እምብርት ከአፈር በላይ መቅረት አለበት፤ ከተቀበረ ይበሰብሳል። መረሬ (ጥቁሩ ጭቃ አፈር) ብቻውንም አይሆንም፤ ክረምት ላይ ውሃ ይቋጥርና ሥሩን ያፍነዋል። 2 እጅ የበሰበሰ ቅጠል፣ 1 እጅ አፈር፣ 1 እጅ ደቃቅ ጠጠር ቀላቅሉ። ትኩስ ፍግና ዩሪያ አታስጠጉ፣ ስስ ሥሩን ያቃጥሉታል። ከስንዝር ለማያልፉት ትንንሾቹ የ20 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይበቃል። ሰኔ ላይ ከተተከለ የጥቅምት ውርጭ ሳይደርስ ሥር ይይዛል።

ቦታው ከግንቡ በስተሰሜን ይሁን። በምሥራቅ በኩል ከሆነ ውርጭ ያደረበትን ቅጠል የማለዳ ፀሐይ በድንገት ሲያገኘው ይጠቁራል። ባሕር ዛፍ ሥርም ጥላው አያታልላችሁ፣ ያጠጣችሁትን ውሃ ዛፉ ይጨርሰዋል። በጋ ላይ ውርጩ ከለቀቀ በኋላ ረፋዱ ላይ አጠጡ፤ ውሃው በዙሪያው እንጂ እምብርቱ ላይ አይፍሰስ።

ከቅጠሉ ጀርባ በረድፍ የሚታዩት ቡናማ ነጠብጣቦች ተባይ አይደሉም። ፈርን አበባ የለውም፣ የሚራባው በእነሱ ነው። ስንቱ ሰው መድኃኒት ረጭቶባቸዋል!

ደግሞ ከወፍ ዋሻ ደን የተነቀለ አትሸጥም። ራሷ ከፋፍላ ያባዛችውን ነው የምትሰጠው። ለዚህም ክብር ይገባታል።

አድራሻዋን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ችግኟ ጥቂት ስለሆነ ሰኔ ሳይገባ ቀድማችሁ ንገሯት።