ቁልፍ የሚቆጥሩት ልጆች

የመጨረሻው ልጄ በአንድ ዓመት ተመዘዘና ሹራቡም ዩኒፎርሙም ክርኑ ላይ ቀረ። ቁም ሳጥኑን አራግፌ 14 ልብስ ለየሁ።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የቆየ ልብስ መውጫ አያጣም። «ልዋጭ!» እያለ በር ላይ የሚጣራው ልጅ አለ፤ ኮትና ሱሪ ሰጥታችሁ ጆግ ወይም ሳፋ ትቀበላላችሁ። እኔም ለውጬ አውቃለሁ። ዘንድሮ ግን የልጄን ልብስ ሌላ ልጅ ሲለብሰው ማየት ፈለግሁ። ሰፈራችን ያሉ በጎ ፈቃደኛ ወጣቶች ወደከፈቱት ልብስ መሰብሰቢያ ሄድኩ።

እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነበር። ካቻምና ሌላ ቦታ ሰጥቼ፣ ከወራት በኋላ ለሌላ ጉዳይ ብሄድ ማዳበሪያው እንዳሰርኩት ጥግ ላይ ቁጭ ብሏል። ጣሪያው ያፈሳል። ውስጡ የነበረው የእናቴ ጋቢ ሻግቶ ጠቁሯል። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

እዚህ የተቀበለችኝ ልጅ መጀመሪያ ያለችኝ፣ «እትዬ፣ ታጥቧል?» ነው። ከዚያ አንድ በአንድ አየችው። ኪስ ውስጥ እጇን ትከታለች፣ ዚፑን ከፍታ ትዘጋለች፣ ኮሌታውን ትገለብጣለች፣ ቁልፍ ትቆጥራለች። ግራጫው ኮት ሁለተኛ ቁልፉ የለም። ከጠረጴዛው ሥር የብስኩት ቆርቆሮ አወጣች፤ ሙሉ ቁልፍ ነው። የሚመስለውን ፈልጋ፣ ክሩን ደርባ፣ እዚያው ቆሜ እያየሁ ተከለችው።

«ቁልፍ የጎደለው ስንሰጣቸው ይከፋቸዋል» አለችኝ።

ሦስቱን መለሰችልኝ። «እነዚህስ ለመወልወያ ናቸው እትዬ፤ አይቀየሙኝ።» ምን እቀየማለሁ! ልክ ናት። ሰው የማይለብሰውን ተሸክሜ ሄጄ ሰጠሁ ማለት አይገባኝም።

በጣም የወደድኩት የዩኒፎርሙን ነገር ነው። ዩኒፎርም በየትምህርት ቤቱ ቀለሙ ስለሚለያይ ዝም ብሎ ቢታደል ለብዙው ልጅ አይሆንም። እነሱ በየትምህርት ቤቱ ለይተው ገመድ ላይ ሰቅለውታል። መስከረም ሲጠባ ደብተሩም ጫማውም ዩኒፎርሙም አንድ ላይ ነው የሚመጣው፤ ሦስት ልጅ ያላት እናት ይገባታል።

ቅዳሜ ጠዋት ልብሱ የሚታደልበት ቀን ስለሆነ ተመልሼ ሄድኩ። ሰልፍ አስይዘው ስም አይጠሩም፤ ፎቶም አያነሱም። ሰው ተራ በተራ ገብቶ ራሱ ይመርጣል። አንድ ትንሽ ልጅ የልጄን ሰማያዊ ሹራብ አጠለቀ። እጅጌው ጣቶቹን ዋጣቸው። እናቱ ሁለቴ ጠቀለለችለትና ወደ እኔ ዞራ፣ «ለከርሞም ይሆነዋል፣ አይደል እታለም?» አለችኝ። የማን እንደነበር አልነገርኳትም። ጉሮሮዬ ተዘግቶ ነበር።

አሁን የሚያጥራቸው ጋቢ፣ ብርድ ልብስና የልጆች ጫማ ነው። ከተማችን 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በዚያ ላይ ክረምት ነው። የአብነት ተማሪዎችም እየመጡ ይጠይቃሉ። በየቅኔ ቤቱ ጎጆ ውስጥ ሌሊቱ እንዴት እንደሚነጋ ጎጃም ላደገ ሰው መንገር አያስፈልግም። ቤታችሁ የተቀመጠ ቡልኮ ካለ አውጡት።

ጉድለትም አለባቸው። የሚከፍቱት ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ብቻ ነው፤ በእነዚህ ቀናት ሥራ ላለው ሰው ይከብዳል። ቤቷም ጠባብ ናት፤ መለኪያ ቦታ የላትም። ቀሚስ የምትለካን ሴት፣ ጓደኛዋ ነጠላ ዘርግታ ትጋርዳታለች። ይሄ ከነከነኝና ነገርኳቸው። «መጋረጃ ብናገኝ ገመዱ አለን» አሉኝ።

የሳሎኔን የድሮ መጋረጃ ትናንት አጥቤዋለሁ። በዚህ ዝናብ ገና አልደረቀም እንጂ ለቅዳሜ ይደርሳል።