ለተራራ ጉዞ ከሥር የሚለበስ ካናቴራ፦ ፖሊስተር፣ ሜሪኖ ወይስ ቅይጥ?

ስታዲየም ዙሪያ ካሉት የስፖርት ልብስ ሱቆች ገብቶ «ለብርድ አገር ከሥር የሚለበስ» ብሎ ለጠየቀ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚቀርብለት ወፍራሙና ውስጡ ጸጉራሙ ነው። እጅ ሲገባበት ይሞቃል፤ ገዢም በዚያ ይረታል። ባሌ ወይም ሰሜን ተራሮች ላይ ግን ቆዳ ላይ የሚያርፈው ልብስ ዋና ሥራው ላብን ከገላ አንስቶ ወደ ውጭ ማውጣት ነው። ማሞቁን ሹራብና ጃኬት ይወጡታል።

ብርዱ የሚገባው ቆም ሲሉ ነው። ከባሌዋ ዲንሾ፣ ከ3,100 ሜትር ገደማ ተነስቶ 4,000 ሜትር ወደሚደርሰው የሳነቴ አምባ የሚወጣ ሰው በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ሙቀት እየተቀነሰበት ይሄዳል። ንጋት ላይ ውርጭ፣ ረፋድ ላይ የሚያቃጥል ፀሐይ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስና ካፊያ በአንድ ቀን ሊፈራረቁበት ይችላሉ። ሽቅቡን ሲወጣ ጀርባው ይርሳል፤ ቀይ ቀበሮ ወይም ደጋ አጋዘን ለማየት ድምፁን አጥፍቶ ሲቀመጥ ያው ላብ የገላውን ሙቀት ይዞበት ይሄዳል። ውሃ ሙቀትን የማስተላለፍ አቅሙ ከአየር 25 እጥፍ ያህል ነውና፣ ገላ ላይ የተለጠፈ እርጥብ ካናቴራ ከላይ የተደረበውን ውድ ጃኬት ዋጋ ያሳጣዋል። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት በቀን ስንት ሰዓት እንደሚሄዱና ስንት ሰዓት እንደሚቀመጡ ይቁጠሩ። ምርጫውን የሚወስነው ይኸው ነው።

ጥጥን ከወዲሁ እናውጣው። ላብን ክሩ ውስጥ አስገብቶ ይይዛል፣ ይከብዳል፣ በደጋ አየር ቶሎ አይደርቅም። ማታ ድንኳን ውስጥ ደረቅ ሆኖ ለሚደረብ ጋቢ ግን ጥጥን የሚተካ አናውቅም፤ ይያዙት።

ፖሊስተር ክሩ ራሱ ውሃ አይጠጣም ማለት ይቻላል፤ የሚይዘው እርጥበት ከክብደቱ 0.4 በመቶ ገደማ ነው። ላቡ የሚጓዘው በክሮቹ መሃል ባለው ጠባብ ክፍተት ነው፣ ጋዝ በኩራዝ ክር እንደሚሳበው። ስለዚህ ቶሎ ይደርቃል፤ ታጥቦና ተጨምቆ ነፋስ ላይ ከተሰጣ ብዙ ሳይቆይ መልሶ ይለበሳል። ዋጋውም ይቀላል፣ የቦርሳ ማንገቻ አይበላውም። ጉዳቱ ሽታ ነው። የገላ ቅባት ክሩ ላይ ይጣበቃል፣ ባክቴሪያ ይራባበታል፤ በሁለተኛው ቀን ለራስም ለጎረቤትም ይከብዳል። እንስሳ ለመጠጋት ለሚሞክር ሰው ደግሞ ሽታ ድካሙን ሁሉ ያበላሽበታል። እሳት ዳር ሲቀመጡም ይጠንቀቁ፦ አንዲት ፍንጣሪ ቀልጦ የሚለጠፍ ቀዳዳ ታወጣበታለች።

ሜሪኖ፣ ሜሪኖ ከሚባለው በግ የሚሸለተው ቀጭን ሱፍ፣ የሚሠራበት መንገድ ሌላ ነው። የላቡን እንፋሎት ገና ውሃ ሳይሆን ክሩ ውስጥ ይቀበላል፤ ከክብደቱ 30 በመቶ ያህል ይዞ እንኳ ገላ ላይ እርጥብነቱ ብዙም አይሰማም፣ እርጥበቱን ሲቀበልም ጥቂት ሙቀት ይለቃል። ወጥቶ ለሚቀመጥ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለቀናት ቢለበስ ሽታው አያስቸግርም፣ ፍንጣሪም ቶሎ አያቀጣጥለውም። በሌላ በኩል አንዴ ከበሰበሰ ለመድረቅ ከፖሊስተር ረጅም ጊዜ ይፈልጋል፣ ቀጭኑ ማንገቻ ሥር ይሳሳል፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ብል ይወደዋል፣ ዋጋውም ከፖሊስተሩ ብዙ ይርቃል። የሱፉ ቅጥነት በማይክሮን (በሚሊ ሜትር ሺኛ) ከተጻፈ ከ17 እስከ 19 ያለው ገላ አይበላም።

ቅይጡ፣ በተለይ ናይለን ክር በሜሪኖ የተጠቀለለበት፣ ትከሻው ላይ ይበረታል፣ ቶሎም ይደርቃል። አንድ ብቻ መግዛት ለሚችል ሰው የእኛ ምርጫ ይህ ነው፤ ሜሪኖው ከግማሽ በታች ከሆነ ግን ሽታን የመቋቋሙ ነገር እየሳሳ ይሄዳል።

ውፍረቱን በካሬ ሜትር ግራም ይለኩታል። 150 አካባቢ ለሚንቀሳቀስ፣ 200 ለውርጭ ማለዳና ለመቀመጥ፣ 250 እና ከዚያ በላይ ለመኝታ። በ250 ሽቅብ የወጣ ሰው ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ይዘፈቃል፤ ጥርጣሬ ካለዎት ቀጭኑን ይውሰዱና ሌላ ይደርቡ። ለሦስት ቀን ጉዞ ሁለት እጅጌ ረጅም ካናቴራና አንድ ታይት ይበቃል። በጀቱ ከፈቀደ ደግሞ አንዱን ቀጭን ፖሊስተር ለመውጫ፣ ሌላውን 200 ሜሪኖ ለመቀመጫና ለመኝታ ያድርጉ።

መርካቶ ከቦንዳ ለሚመርጥ ሰው ጥሩ ዕቃ አለ፣ ወጥመዱም አለ። ልስላሴው ያታልላል፤ አክሬሊክስ የሚባለው ሰው ሠራሽ ክር ሱፍ መስሎ ይሸጣል። ውስጥ ጎኑ ላይ የተሰፋውን ምልክት ፈልገው በመቶኛ የተጻፈውን ያንብቡ። ተቆርጦ ከሆነ ሻጩን አስፈቅደው ከጨርቁ ጫፍ ክር ይምዘዙ (የስፌቱን ክር አይደለም፣ እሱ ሱፍ ልብስ ላይም ብዙ ጊዜ ፖሊስተር ነው) እና ክብሪት ያስነኩት። ሱፍ እንደተቃጠለ ጸጉር ይሸታል፣ አመዱ በጣት ይፈረፈራል። ፖሊስተርና አክሬሊክስ ቀልጠው ጠንካራ ጥቁር እንክብል ይሆናሉ። ጥጥ እንደ ወረቀት ነዶ ለስላሳ አመድ ይተዋል። ለፖሊስተር ሌላ ፈተና አለ፦ በውስጥ በኩል የውሃ ጠብታ ያኑሩ። ወዲያው ከተዘረጋ ደህና ነው፤ እንደ ዶቃ ቁጭ ካለ ላብም እንደዚያው ገላዎ ላይ ይቀመጣል።

ልኩ ገላን ይንካ፣ አያጣብቅ። ሲያጎነብሱ ወገብ ካጋለጠ አጭር ነው። የትከሻው ስፌት ማንገቻ የሚያርፍበት ቦታ ላይ እንዳይውል ያድርጉ። አንገቱ አጭር ዚፕ ያለው ሽቅብ ላይ ከፍቶ ማናፈስ ስለሚያስችል ለጥቂት ብር ልዩነት አይለፉት።

አጠባቡ ላይ ማለስለሻ የሚባለውን ፈሳሽ ይተዉ፤ ክሩን ይሸፍንና ላብ መሳቡን ያቆመዋል። በረኪና ሱፍን ያሟሟል፣ ሙቅ ውሃና ማሸት ደግሞ ያኮማትረዋል። በ30 ዲግሪ አጥበው ሳይጠመዝዙ ጥላ ላይ ዘርግተው ያድርቁት።

ባሌ ከመድረስዎ በፊት እንጦጦ ይፈትኑት። ማለዳ ከሽሮ ሜዳ ቦርሳ አንግበው ይውጡ፣ ላይ ሲደርሱ ቦርሳውን አውርደው ነፋስ ላይ 15 ደቂቃ ይቀመጡ፣ ከዚያ ጀርባዎን በእጅዎ ይዳስሱ። ካናቴራው አሁንም ገላዎ ላይ ተለጥፎ የሚበርድ ከሆነ ለመውጫ ወፍሯል፤ በቀጭኑ ይተኩት።