አሮጌው ራውተር ወይስ አዲሱ?

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ስንገባ ሁለት ራውተር (ኢንተርኔቱን በዋይፋይ ለቤቱ የሚያከፋፍል ሳጥን) ነበረን፤ አንዱ ከድሮው ቤት የመጣ፣ ሌላው አዲስ።

አሮጌው ይሠራል፣ ወጪም የለውም። ችግሩ አምራቹ ማሻሻያ መላክ ካቆመ ቆይቷል። የተገኘ የደህንነት ቀዳዳ ሁሉ እንደተከፈተ ይቀራል። ደብልዩፒኤስም (በይለፍ ቃል ፈንታ ፒን በተባለ ሚስጥር ቁጥር ከዋይፋይ የሚያገናኝ ዘዴ) አለው። ፒኑ 8 አሃዝ ነው፤ ግን ለሁለት ተከፍሎ ስለሚፈተሽ ገምቶ ለማግኘት ቢበዛ 11,000 ሙከራ ይበቃል። ራውተሩ በየመሀሉ ካልቆለፈ፣ ግድግዳ ለሚጋራን ጎረቤት ይሄ ምን አላት!

አዲሱ ደብልዩፒኤ3 (አዲሱን የዋይፋይ መጠበቂያ ዘዴ) ይችላል፣ ራሱንም ያድሳል። ግን ይለፍ ቃሉ «አድሚን» እንደሆነ ከተተወ ያው ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ሚራይ የተባለው ቫይረስ ካሜራና ራውተር የወረረው በፋብሪካ ይለፍ ቃል ነው።

እኔ አዲሱን ሰካሁ፣ ይለፍ ቃሉንም ቀየርኩ። አሮጌውን ልጆቹ ፈታተው እየተጫወቱበት ነው።