ለቤተሰብ የሚሆን ትንሽ ካራቫን፦ የትኛው የውስጥ አቀማመጥ ያዋጣል?

የካራቫን (በመኪና የሚጎተት ማደሪያ ቤት) ሻጮች የሚያሳዩት ንድፍ የቀን ንድፍ ነው፦ ጠረጴዛው ተዘርግቷል፣ ትራሱ በወጉ ተደርድሯል፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ቤተሰብ ግን ካራቫን የሚገዛው ሊያድርበት ነው። ስለዚህ አንዱን አቀማመጥ ከሌላው ሳወዳድር መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ሌሊቱ ነው። አልጋዎቹ በሙሉ ተነጥፈው፣ ሰው ሁሉ ተኝቶ፣ አንዱ ልጅ ሽንቱ ቢመጣበት ማንንም ሳይረግጥ ሽንት ቤት ይደርሳል ወይ? ሁለተኛው ጥያቄ ክብደት ነው። የቀረው ሁሉ፣ የወንበሩ ጨርቅም የቴሌቪዥኑ ቦታም፣ ከሁለቱ በኋላ ይመጣል።

የምገመግማቸው ውስጣቸው ከ4 እስከ 5.5 ሜትር የሚረዝመውን፣ በአንድ አክስል (ሁለቱን ጎማዎች በሚይዝ ዘንግ) የሚሄዱትን፣ ሁለት ወላጆችንና አንድ ወይም ሁለት ልጆችን የሚያሳድሩትን ነው። በዚህ መጠን አንድ ነገር ሲጨመር ሌላው ይቀነሳል።

ሁለት ልጆች ላሉት ቤተሰብ ከሁሉ የምመርጠው ከኋላ ተደራራቢ አልጋ፣ ከፊት የወላጆች አልጋ፣ መሐል ላይ በአንድ ወገን ወጥ ቤት በሌላው ወገን የምግብ ጠረጴዛ ያለውን ነው። ሽንት ቤቱ ብዙውን ጊዜ ከተደራራቢው አልጋ ጎን፣ ኋላ ጥግ ላይ ይቀመጣል። ትልቁ ጥቅሙ አልጋ የሚነጠፈው አንዴ መሆኑ ነው። ልጆቹ ከምሽቱ 2 ሰዓት ቢተኙ ወላጆች መጋረጃውን ስበው ጠረጴዛው ላይ ይቆያሉ፤ ጠዋትም የተኛ ሰው ሳይቀሰቀስ ሻይ ይፈላል። ዝናብ የያዘ ቀን ደግሞ ልጆቹ አልጋቸው ላይ ሲጫወቱ መሐሉ ነጻ ይሆናል።

ይህ አቀማመጥ የራሱ ችግሮች አሉት። የፊቱ አልጋ በካራቫኑ ወርድ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሲገጠም ከውስጥ በኩል የሚተኛው ሰው ሌሊት ለመውጣት ሌላውን መሻገር አለበት። ስሙ ኩዊን (ለሁለት ሰው የሚሆን የአልጋ መጠን) ቢባልም ብዙ ጊዜ 152 በ188 ሴንቲሜትር ነው፤ የቤቱ ኩዊን 203 ሴንቲሜትር ይረዝማል። ቁመቱ ከ1 ሜትር ከ80 የሚያልፍ ሰው ጫማውን አውልቆ ጋደም ሳይል መግዛት የለበትም። የልጆቹ አልጋ ወርድ 71 ሴንቲሜትር አካባቢ ሲሆን የሚችለው ክብደት እዚያው ተለጥፎ ይገኛል፤ በብዙዎቹ ላይ 68 ኪሎ ነው። ዛሬ 8 ዓመት የሆነው ልጅ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያን ቁጥር ሊያልፈው ስለሚችል ጽሑፉን ማንበብ ይገባል። ከታችኛው ፍራሽ እስከ ላይኛው አልጋ ሆድ ያለውን ክፍተትም በሜትር ይለኩ። 60 ሴንቲሜትር ካልሞላ ልጁ መጽሐፍ ይዞ ቀና ብሎ መቀመጥ አይችልም። ለእያንዳንዱ አልጋ የየራሱ የሚከፈት መስኮት ቢኖር እመርጣለሁ፤ አየር ያስገባል፣ እሳት ቢነሣም መውጫ ይሆናል።

ሰው ቶሎ የማያየው ነገር የፍራሹ ሆድ ነው። አራት ሰው በጠባብ ክፍል ሲያድር የትንፋሹ እርጥበት ቀዝቃዛውን ቦታ ፈልጎ ይቀመጣል፤ ከቦታዎቹ አንዱ ፍራሹና ኮምፔንሳቶው የሚገናኙበት ነው። ያገለገለ ካራቫን ሲታይ ፍራሹን አንሥቶ ከሥሩ ያለውን እንጨት በእጅ መዳበስ ግድ ነው። ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ሻጋታ ነው፤ እንጨቱ በጣት ሲጫኑት ከረገበ ደግሞ መበስበስ ጀምሯል። አዲስ ከሆነ ኮምፔንሳቶው ላይ በየ15 ሴንቲሜትሩ ቀዳዳ መብሳት ወይም ከፍራሹ ሥር የእንጨት ርብራብ መደርደር ችግሩን ያቀልለዋል። ሌሊት የጣሪያውን መስኮት ሁለት ጣት ያህል ከፍቶ ማደርም ያስፈልጋል፣ ብርድ ቢሆንም።

አንድ ልጅ ብቻ ላላቸው ሌላ መንገድ አለ፤ ባለ ሁለት ጠረጴዛው የፋይበር ግላስ ካራቫን። በሰሜን አሜሪካ የሚሠሩት ስካምፕና ካሲታ የዚህ ዓይነት ናቸው። አካላቸው በቅርጽ ማውጫ ከተሠሩ ሁለት ትልልቅ የፋይበር ግላስ ቅርፊቶች የተገጣጠመ ነው። ባለ 13 ጫማው ስካምፕ ከኋላ ወደ አልጋ የሚለወጥ ጠረጴዛ አለው፤ ከፊት ደግሞ ወይ ወደ ተደራራቢ አልጋ የሚለወጥ ሶፋ ወይ ሽንት ቤት ይመረጣል፣ ሁለቱን አንድ ላይ አይችልም። የካሲታ ባለ 17 ጫማው ስፒሪት ዴሉክስ ከኋላ ሰፊ ጠረጴዛ፣ በጎን ለሁለት ሰው የሚሆን ትንሽ ጠረጴዛ፣ ከፊት ሽንት ቤት አለው። ለሦስት ሰው ይህኛው የተሻለ ነው፤ የኋላውን እንደተነጠፈ አልጋ ትቶ ትንሿን ጠረጴዛ ብቻ ማታ ለልጁ መለወጥ ይቻላል።

ጠረጴዛ ወደ አልጋ መለወጥ በማስታወቂያ ላይ የአፍታ ሥራ ይመስላል። በተግባር ግን ጠረጴዛው ላይ ያለው ሁሉ ቦታ ይፈለግለታል፣ እግሩ ይነቀላል፣ ገበታው ዝቅ ብሎ በጠርዞቹ ላይ ያርፋል፣ አራት ስፖንጅ ተገጣጥሞ አንሶላ ይለብሳል። በየምሽቱና በየጠዋቱ ነው ይህ። የስፖንጆቹ መጋጠሚያ ወገብ ሥር ከሆነ ሰው ተመችቶት አያድርም፤ ከላይ 5 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ተጠቅላይ ፍራሽ መጨመር ይረዳል፣ ማስቀመጫው ግን አብሮ ይታሰብ። ገበታው የሚያርፍበት ጠርዝ በቀጭን እንጨትና በጥቂት ብሎን ብቻ ከተያዘ አዋቂ ሲገላበጥበት ይላቀቃል። ከመግዛትዎ በፊት ጎንበስ ብለው ከሥር ይዩት።

ግድግዳው እንደ መሳቢያ ወደ ውጭ የሚወጣው ዓይነት ሲዘረጋ ቦታ ይሰጣል፤ በዚህ መጠን ላሉ ካራቫኖች ግን አልመክረውም። ክብደት ይጨምራል፣ ማኅተሙ ሲያረጅ ውሃ ያስገባል፣ ግድግዳውን የሚገፋው ሞተር ሲበላሽ ጉዞው ይቆማል። መመልከት የሚፈልግ ሰው ሻጩን ዘግቶ እንዲያሳየው ይጠይቅ። ተዘግቶ ሳለ ወደ ሽንት ቤቱና ወደ ፍሪጁ መድረስ ካልተቻለ፣ መንገድ ዳር ላይ ቆሞ ለልጅ ወተት ማውጣትም አይቻልም። በሁለቱ ጫፎች የሸራ አልጋ የሚዘረጋው ቅይጥ ዓይነት ከክብደቱ አንጻር ብዙ ሰው ያሳድራል። ሸራው ረጥቦ ከታጠፈ ግን ቤት እንደተደረሰ ተዘርግቶ ካልደረቀ ይሻግታል፤ ለዚያ ሥራ ጊዜና ቦታ የሌለው ሰው ይለፈው።

ሻወሩና የሽንት ቤቱ መቀመጫ በአንድ ሳጥን ውስጥ ሲሆኑ ግማሽ ሜትር ያህል ቦታ ይተርፋል። ዋጋው ከእያንዳንዱ ሻወር በኋላ ሳጥኑን መወልወል ነው፤ ልጆች ላሉት ከባድ አይደለም፣ እነሱን ለማጠብ እንዲያውም ይመቻል። የትኛውም ዓይነት ቢሆን ገብተው ይቀመጡ፣ በሩን ይዝጉ፣ ጉልበትዎ በሩን ከነካ ያ ሽንት ቤት ለልጆች ብቻ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ክብደቱ። ሻጭ በመጀመሪያ የሚናገረው ባዶውን ክብደት ነው። ባዶው 1,350 ኪሎ የሆነና ከነጭነቱ 1,700 ኪሎ ማለፍ የሌለበት ካራቫን እንውሰድ። ልዩነቱ 350 ኪሎ ነው። 110 ሊትር ውሃ 110 ኪሎ ወሰደ። 9 ኪሎ ጋዝ የሚይዙ ሁለት የፕሮፔን ሲሊንደሮች ከነብረታቸው 34 ኪሎ ገደማ ናቸው። አንድ የአሲድ ባትሪ 28፣ ጣሪያ ላይ የሚገጠም ኤርኮንዲሽነር 40 ይሁን። አንዳንዱ አምራች እነዚህን በባዶው ክብደት ውስጥ ይቆጥራቸዋል፣ አንዳንዱ አይቆጥራቸውም፤ በጽሑፍ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ካልተቆጠሩ የሚቀረው 138 ኪሎ ነው፣ ለአራት ሰው ሲካፈል 34 ኪሎ ተኩል። ብርድ ልብሱ፣ ድስቱ፣ ምግቡ፣ ልብሱ፣ ታጣፊ ወንበሩ፣ ክሪኩ፣ የመብራት ገመዱ ሁሉ እዚያ ውስጥ መግባት አለበት። ውሃውን ማደሪያው አጠገብ መሙላት ትልቁ ማቅለያ ነው።

ጎታቹ መኪና ላይ የሚያርፈው ሸክም ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለው። በሰሜን አሜሪካ የተለመደው ከካራቫኑ ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው ጋንቾው (ካራቫኑን ከመኪናው ጋር የሚያያይዘው ብረት) ላይ እንዲያርፍ ነው። የአውሮፓ መኪናና ካራቫን ለቀላል የጋንቾ ክብደት ስለሚሠሩ የሚፈቀደው ብዙ ጊዜ ከ100 ኪሎ አያልፍም፤ ስለዚህ የአንዱን አገር ቁጥር ለሌላው ማዋል አይገባም። በ12 በመቶ ብናሰላው የ1,700 ኪሎው ካራቫን 204 ኪሎ መኪናው ላይ ይጭናል። መኪናው 500 ኪሎ መሸከም የሚችል ከሆነና አራቱ ሰዎች 260 ኪሎ ከሆኑ የቀረው 36 ኪሎ ነው፤ የጋንቾው ብረት ራሱ ከዚያ ላይ ይቀነሳል። "ይህ መኪና 2,000 ኪሎ ይጎትታል" የሚለው ንግግር ይህን ጥያቄ አይመልስም። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተውም እዚህ ነው።

የውስጥ አቀማመጡ ከዚህ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። የውሃው ታንከር ከአክስሉ 1.5 ሜትር ወደ ኋላ ቢሆንና ከአክስሉ እስከ ጋንቾው 4 ሜትር ቢሆን፣ 110 ሊትር ሲሞላ የጋንቾውን ክብደት በ41 ኪሎ ያነሣዋል፤ 200 የነበረው 159 ይሆናል፣ ከ1,700ው 10 በመቶ እንኳ አይሞላም። በዚያ ላይ በጉዞ ጊዜ የኋላው ተደራራቢ አልጋ እንደ ዕቃ ቤት ተቆጥሮ ብስክሌትና የእንጨት ከሰል ቢጫንበት ካራቫኑ በፍጥነት ላይ ግራ ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል፣ ሹፌሩ ላይ መሪው ሊያስቸግረው ይችላል። ከባድ ዕቃ አክስሉ አካባቢ፣ ወለል ላይ ይቀመጥ፤ ኋላ ላይ ትራስና ብርድ ልብስ ይበቃል። ትክክለኛውን ለማወቅ የመኪና ሚዛን ቤት መሄድ ነው። መጀመሪያ መኪናው ከነቤተሰቡ ብቻውን ይመዘናል፣ ከዚያ ካራቫኑ ተያይዞ የካራቫኑ ጎማዎች ከሚዛኑ ውጭ ሆነው ይመዘናል፤ የሁለቱ ልዩነት የጋንቾው ክብደት ነው።

በጎን በኩል ያለው ሚዛንም ይታይ። ፍሪጁ፣ ምድጃውና ጠረጴዛው በአንድ ወገን የተደረደሩበት አቀማመጥ አንደኛውን ጎማ ያደክማል። በብዙ ትንንሽ ካራቫኖች የሚገኘው ኤስ ቲ 205/75 አር 14 ጎማ በሲ የጭነት ደረጃ 798 ኪሎ ይችላል። ከላይ ባሰላነው ካራቫን አክስሉ ላይ የሚቀረው 1,496 ኪሎ ነው፤ ለሁለት ሲካፈል ለእያንዳንዱ ጎማ 748። ስለዚህ አንዱ ወገን ከግማሹ በ50 ኪሎ ብቻ ቢበልጥ ጎማው ጫፉ ላይ ደርሷል። ተመሳሳዩ ጎማ በዲ ደረጃ 925 ኪሎ ስለሚችል ቸርኬው ለከፍተኛው ንፋስ የተሠራ ከሆነ መቀየሩ የሚያዋጣ ወጪ ነው። የጎማው ዕድሜ ከጎኑ ከተጻፉት የመጨረሻ አራት አኃዞች ይነበባል፦ 2321 ቢል በፈረንጆቹ 2021 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል። ጥርሱ ቢያምርም ከ5 እስከ 6 ዓመት ከሞላው ይቀየር፤ ካራቫን ብዙውን ጊዜ ቆሞ ስለሚውል ጎማው የሚያልቀው በዕድሜ ነው። ኩሽኔታውም በዓመት አንድ ጊዜ ይታይ፣ ግራሶው ይታደስ። በባሌስትራ የቆመ አክስል በቀላሉ ይጠገናል። ንዝረቱን በውስጡ ባለ ላስቲክ የሚያለዝበው ዓይነት ለስላሳ ነው፤ ውስጡ ሲያልቅ ግን አብዛኛውን ጊዜ አክስሉ በሙሉ ይቀየራል።

ፍሪጁ በ12 ቮልት በኮምፕሬሰር የሚሠራ ከሆነ በቀን ከ30 እስከ 50 አምፒር ሰዓት ይበላል። ባለ 100 አምፒር ሰዓት የአሲድ ባትሪ ያለ ጉዳት የሚሰጠው ግማሹን ስለሆነ ሶላር ከሌለ አንድ ቀን ቢያቆይ ነው። በጋዝ የሚሠራው ባትሪ አይጨርስም፤ ካራቫኑ ዘምሞ ከቆመ ግን አይቀዘቅዝም፣ ብዙ ቢቆይም ይበላሻል። የጋዝ ማስጠንቀቂያው ወለል አጠገብ የሚገጠመው ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ ነው፤ የልጆች ቦርሳና ጫማ ፊቱ እንዳይከመርበት።

ውሃ ማስገባት ካራቫንን ከሁሉ በላይ ይገድላል። በእንጨት አጽምና በአሉሚኒየም ላሜራ የተሠራው የሚያፈሰው በጣሪያው ጠርዝ፣ በማዕዘኖቹና በመስኮቶቹ ዙሪያ ነው። የፋይበር ግላሱ መጋጠሚያ ጥቂት ነው፤ ሪቬቶቹና የጣሪያው መስኮት ግን ይፈተሹ። በስስ ፋይበር ግላስና በኮምፔንሳቶ የተጣበቀ ግድግዳ ውሃ ከገባው ልባሱ ይነሣል፤ ይህን ለማየት ከግድግዳው ጫፍ ቆሞ በግድግዳው ርዝመት በኩል በባትሪ ብርሃን ማብራት ነው፣ እብጠቱ ጥላ ይጥላል። ከውስጥ ደግሞ ከፍ ያሉትን ካቢኔቶች ከፍተው ጥጎቹን በአውራ ጣት ይጫኑ። የጣሪያው ማሸጊያ በዓመት ሁለቴ ይታይ፤ የተሰነጠቀው ይጸዳና ለጣሪያው ዓይነት በተሠራ ራሱ ተዘርግቶ በሚረጋ ማሸጊያ ይሞላ። ተራ ሲሊኮን ጣሪያ ላይ አይደረግ፤ አንዴ ከተቀባ ሌላ ማሸጊያ አይዝበትም፣ ለማስነሣትም በእጅ ፍቆ መጨረስ ይጠይቃል።